ስለ ዘፈን ውድድርና ስለ ዳኛው ምላስ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂንና ባቱን ካለፈ በኋላ፣ ላንጋኖን በስተ ግራው፣ አብያታንና ሻላን በስተ ቀኙ ትቶ ጥቂት ዳገት ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዝለታል፤ ወዲያውም አርሲ ነገሌ ይደርሳል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ለሻሸመኔ ግን የቅርብ ጎረቤት ናት። በአረቄዋ ስሟ በሩቅ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚያ ያደረ እንግዳ ሲመለስ ወዳጆቹ ስለ ሌላ ነገር አይጠይቁትም። እኛ ግን በዚህ ገጽ የምንነግራችሁ፣ በዚያ ባደርንበት አንድ ሌሊት ስላየነው የቴሌቪዥን ጨዋታና ጨዋታው በአንድ ቤት ውስጥ ስላስነሣው ክርክር ነው።

መኪናችን በመንገድ ተበላሽታ መካኒኩ «እስከ ነገ ረፋድ ታገሡ» ስላለን፣ አንድ የቀድሞ ወዳጃችን በቤታቸው አሳደሩን። እኒህ ሰው ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ኖረው ዛሬ በጡረታ ያሉ ናቸው፤ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ «የቤቱ ጌታ» እያልን እንጠራቸዋለን። በቤቱ ውስጥ ባለቤታቸው፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈው እናታቸው፣ በሐዋሳ የሚማረው ወንድ ልጃቸውና የ15 ዓመት ሴት ልጃቸው ነበሩ። ራት ተበልቶ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ልጁ ከጓደኞቹ በፍላሽ አስገልብጦ ያመጣውን ጨዋታ ከቴሌቪዥኑ ጋራ አገናኘና እየተረጎመልን እናይ ጀመር።

ጨዋታው የአሜሪካ ሲሆን ስሙ «ሳይክ» ይባላል። ከሰኔ 1998 እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ድረስ በስምንት ዙር የታየ፣ የወንጀል ምርመራን ከሣቅ ጋራ ያጣመረ ድርሰት ነው። ዋናው ሰው ሾን ስፔንሰር ይባላል። አባቱ ሄንሪ ፖሊስ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ምግብ ቤት ያስገባውና ዓይኑን አስጨፍኖ «በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ባርኔጣ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም አድጎ ያየውን ሁሉ የማይረሳ ሰው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በአንድ ሥራ የማይረጋ ቀልደኛ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ዜና በመመልከት ብቻ ወንጀለኞችን ለፖሊስ በስልክ ይጠቁማል። ጥቆማው ከመጠን በላይ ትክክል ስለ ሆነ ፖሊሶቹ «አንተው ራስህ ከወንጀለኞቹ ጋራ ብትሆን ነው እንጂ ይህን ሁሉ ከወዴት አወቅኸው?» ብለው ሊያስሩት ሲሉ፣ እርሱ ለመዳን «እኔ ስውር ነገር የሚገለጥልኝ አዋቂ ነኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ይህችን ውሸት ተሸክሞ መኖር ግድ ሆነበት። ከልጅነት ጓደኛው፣ ከመድኃኒት ሻጩ ከገስ ጋራ ቢሮ ከፍቶ ፖሊሶች ያቃታቸውን ነገር ይመረምራል፤ በዓይኑ አይቶ ያገኘውንም ሁሉ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ጠንቋይ እየተንቀጠቀጠ ይናገራል።

የቤቱ ጌታ እናት ይህን ሲተረጎምላቸው ሰምተው «ታዲያ ይህ ሌባ ሻይ አይዶለምን?» አሉ። ለወጣቶች አንባቢዎቻችን ስንል እንገልጸዋለን፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን ንብረት ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ አሥረው ይለቁት ነበር፤ እንደ ሰከረ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታም ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍል ነበር። «አባቴ እንዳጫወቱኝ ከሆነ» አሉ አሮጊቷ፣ «ልጁ የቱንም ያህል ቢሰክር ከድኻ ቤት አይወድቅም።» በዚህ ሁላችን ሣቅን። የአሜሪካው አዋቂ ከእኛ ሌባ ሻይ የሚለየው፣ አዋቂነቱ ሐሰት ሲሆን ምርመራው እውነት በመሆኑ ነው።

ልጁ የመረጠልን ክፍል «አሜሪካን ዱዎስ» ይባላል፤ «የአሜሪካ ጥንዶች» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር ሐምሌ 6 ቀን 1999 ዓ.ም. የሁለተኛው ዙር መክፈቻ ሆኖ የታየ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚዘፍኑበት ታላቅ የቴሌቪዥን ውድድር አለ። ከዳኞቹ አንዱ ናይጅል ሴይንት ናይጅል የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙ ራሱ ማላገጫ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ቲም ከሪ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። ናይጅል በፊቱ ለቆመ ተወዳዳሪ ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ ስድብ ነው፤ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ልብሱንም መልኩንም ይነቅፋል። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ዳኛ ሊገድለው ይሞክራል፤ ሾንና ገስም ገዳዩን ለማግኘት ራሳቸው ተወዳዳሪ መስለው መድረክ ላይ ይወጣሉ።

የምርመራው ችግር ግን ማስረጃ ማጣት አይዶለም። ችግሩ ተጠርጣሪው መብዛቱ ነው። ይህን ሰው ለመግደል ምክንያት ያለው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በእርሱ ፊት ቆሞ የዘፈነ ሁሉ ምክንያት አለው። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ «ይህማ አውጫጭኝ ነው!» አሉ። በአውጫጭኝ፣ ማለት በአፈርሳታ፣ ወንጀል የተፈጸመበት አገር ሰው ሁሉ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከል ነበር፤ ያወቀውን በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ሰውም «ወፍ» ለተባለው በስውር ይነግር ነበር። ሾንም በዚያ መድረክ ጀርባ ወፍ ሆኖ ይዞራል ማለት ነው። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ እዚህ አንገልጽም፤ ጨዋታውን ገና ያላያችሁ አንባቢዎቻችን እንዳትቀየሙን ነው።

አንባቢ ማላገጡ በማን ላይ እንደ ሆነ እንዲያስተውል ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባናል። በሕዝብ ፊት ዘፋኝን በቴሌቪዥን አወዳድሮ ሕዝቡ በስልክ ድምፅ የሚሰጥበት ጨዋታ ዓለምን ያዳረሰው በብሪታንያ «ፖፕ አይድል» በሚል ስም በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታየ ወዲህ ነው። ያው ዓመት ሳያልቅ በሰኔ ወር «አሜሪካን አይድል» ተጀመረ፤ ነሐሴ 29 ቀንም ኬሊ ክላርክሰን የተባለች ወጣት የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። በሁለቱም አገር ከዳኞች አንዱ ሳይመን ካወል የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ ርኅራኄ በሌለው ንግግሩ ከዘፋኞቹ ይልቅ ስሙ ገነነ። ናይጅል ሴይንት ናይጅል የተሠራው በእርሱ አምሳል ነው።

ወደ አገራችንም ይህ ልማድ ሳይዘገይ መጣ። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ «የኢትዮጵያ አይድል» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ከዳኞቹ መካከል ሳክስፎን ተጫዋቹና የሙዚቃ መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ የዳኞቹ አነጋገር እየተደገመ ይሣቅ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ቀጥሎ የዜማና የግጥም ደራሲው አብርሃም ወልዴ «ባላገሩ አይድል»ን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ዳዊት ጽጌ በ2012 ዓ.ም. «የኔ ዜማ» የተባለውን አልበሙን አውጥቶ እጅግ ተወደደለት። ከዚያም «ፋና ላምሮት» መጣ፤ ባንዱ ከኋላ ቆሞ፣ ዳኞቹ ከፊት ተቀምጠው፣ ተመልካቹ ደግሞ በስልክ አጭር መልእክት እየፈረደ ብዙ ወጣቶችን አስተዋወቀ። አንድ ወጣት ያለ ዘመድና ያለ ገንዘብ፣ በድምፁ ብቻ አገር እንዲያውቀው ከዚህ የቀና መንገድ ቀድሞ አልነበረም፤ ይህን የሚክድ ሰው እውነት አልተናገረም።

ነገር ግን በየትኛውም አገር ቢሆን የእንዲህ ያለው ውድድር ሌላ ፊት አለው። በመጀመሪያው ማጣሪያ ዜማ የሚስቱ፣ ድምፃቸው የሚሰነጠቅ፣ ፈርተው ግጥሙ የሚጠፋባቸው ሰዎች ተመርጠው ለሣቅ ይቀርባሉ። የጥሩዎቹን ስም ረስተን የእነዚያን አለዛዘፍ እየደጋገምን የምንቀልድ ብዙዎች ነን። ሣቁም ሁልጊዜ ትክክል አይፈርድም። በ2001 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በብሪታንያ ሱዛን ቦይል የተባለች የ47 ዓመት የስኮትላንድ ሴት ወደ መድረክ ስትወጣ ታዳሚው ገና ሳትዘፍን ይሥቅባት ጀመር፤ አፏን በከፈተች ጊዜ ግን የሣቀው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እርሷስ ድምፅ ነበራት፤ ድምፅ የሌለው ያ ሌላው ሰውስ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ምን ብለው ይቀበሉት ይሆን?

ወደ አርሲ ነገሌው ቤት እንመለስ። ናይጅል አንዱን ጥንድ በሰደበ ቁጥር የቤቱ ጌታ እንባቸው እስኪወርድ ይሥቁ ነበር። እኛም፣ አንደብቅም፣ ከሁሉ ይበልጥ ድምፃችን ይሰማ ነበር። መካከል ላይ ግን ሴት ልጃቸው ሲኒ ለማንሣት ብላ ተነሣችና ሳትመለስ ቀረች። እናቷ ተከትለዋት ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ብቻቸውን ተመለሱና ቴሌቪዥኑን ራሳቸው አጠፉት።

«ምነው? ገና ሊያዝ ነው እኮ!» አለ ልጁ።

«አባትህ ተይዘዋል» አሉ እናቲቱ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአማርኛም በኦሮምኛም ትዘፍናለች፤ በትምህርት ቤት በዓል ሁሉ የሚጠሩት እርሷን ነው። በዚህ ዓመት ለአንዱ የዘፈን ውድድር ልትመዘገብ አስባ ለአባቷ ልትነግር ስትዘጋጅ፣ በፋሲካ ማግስት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ አባትየው «እስቲ የኛን አርቲስት ስሙልኝ» ብለው ድምፃቸውን አቅጥነው አስመስለው ዘፈኑ። እንግዳው ሁሉ ሣቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ዘፈን አልተሰማም።

የቤቱ ጌታ መጀመሪያ ተቆጡ። «ቀልድ አይዶለም ወይ? አባት ከልጁ ጋራ አይጫወትም? ደግሞስ የኔ ልጅ በየመድረኩ ወጥታ ማንም ወፈፌ እንዲሰድባት ነው የምትፈልጊው? እኔ ቀድሜ ብሥቅባት የሰው ሣቅ እንዳይሰብራት ብዬ ነው።» የመጨረሻው ቃል ግን ለራሳቸውም እንግዳ የሆነባቸው መሰለንና ዝም አሉ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ እናታቸው ከጥግ ሆነው። «አንተ ልጄ፣ በልጅነትህ የመንደሩ ልጆች በእግርህ አካሄድ ሲሥቁብህ ስንት ቀን ከቤት አልወጣህም?»

እናቲቱ የአርሲ ሴት ናቸው። እርሳቸውም «እኔ ባደግሁበት ቤት» አሉ፣ «ሴት ልጅ በሰርግ ላይ ስታዜም የሚቀበላት እንጂ የሚመዝናት አልነበረም። የሳተችውን ተቀባዮቹ አብረው ያቀኑላት ነበር። ገረርሳ የሚያሰማ ወንድም ቢሆን ሰሚው እየመለሰለት ነው ልቡ የሚሞላው። መመዘኑንስ ይሁን፤ ዘመኑ ነው። ቤቷ ግን የማጣሪያ መድረክ መሆኑ ለምንድር ነው?»

በዚህ ጊዜ ክርክሩ ወደ እኛ ተመለሰና የቤቱ ጌታ «እናንተ ጋዜጠኞች ምን ትላላችሁ? ያለ ነቀፋ የተማረ ሰው አለ ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል አይዶለም፤ ልጁን ሁሉ ጊዜ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያለ ያሳደገ ሰውም ልጁን ለማያውቀው ዳኛ ራቁቱን ይሰጠዋል። በቅኔ ቤት ያደጉ አንባቢዎቻችን የኔታ እንዴት ያርሙ እንደ ነበር ያውቃሉ። ተማሪው ሲጨነቅ አድሮ የቆጠረውን ቅኔ በጉባኤው ፊት ይናገራል፤ ዜማው ከተሰበረ ወይም ምሥጢሩ ካልተዋሐደ የኔታ ይመልሱታል። ባልንጀሮቹ ይሥቁበት ይሆናል፤ መምህሩም ቁጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ቅኔው ነው እንጂ ስለ ተማሪው አፍንጫ አይዶለም፤ ነገም ያው ተማሪ ሌላ ቅኔ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። ፈለቀ ኃይሉ ያስተማሩበት የአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተሰየመበት ቅዱስ ያሬድ ራሱ፣ እንደሚተረክለት፣ ትምህርት እምቢ ብሎት ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሸሽቶ የነበረ ልጅ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏ ደጋግማ ወድቃ ስትወጣ አይቶ ነው ወደ መምህሩ የተመለሰው። መመለስ የሚችልበት ቤት ባይኖር ኖሮ የትሏ መውጣት ምን ይጠቅመው ነበር?

ይህን ስንናገር ስለ ራሳችንም ማሰባችን አልቀረም። አንባቢዎቻችን አብዛኞቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ይዞ የሚገባን ሰው ተቀብላችሁ የምትፈርዱ ናችሁ፤ እኛም ወጣት ጸሐፊ ያመጣውን ጽሕፈት እንመልሳለን። ስንመልስ ስለ ጽሕፈቱ ተናግረን ነበር ወይስ ስለ ልጁ? አንዱን ልጅ እናስታውሳለን፤ በመስመሮቹ መካከል የቀለድንበት ቀልድ በቢሮው ሁሉ ተወርቶ ነበር፤ ልጁ ግን ሁለተኛ ጽሕፈት አላመጣም።

የቤቱ ጌታ ከብዙ ዝምታ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው «በይ እንግዲህ አንድ ነገር አሰሚን፤ አልሥቅም» አሏት። እርሷም ራስዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ አልችልም፣ አባባ» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች። እኛም የጨዋታውን ፍጻሜ ሳናይ ተኛን፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ያየነው አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ነው።

ሲነጋ ብርዱ ገና ሳይለቅ ከጓሮ በኩል የብረት ድስት ሲታጠብ ተሰማ፤ ከድስቱም ድምፅ ጋራ ቀጭን ዜማ ተነሣ። የቤቱ ጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣታቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ዝም እንድንል አመለከቱን። ዜማው አልቆ ልጅቷ ዞር ስትል አባቷን አየቻቸውና ደነገጠች።

«መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጠረሽ» አሏት። «ቃሉን ከፍ ብለሽ ስለ ያዝሽው ይመስለኛል። መካከል ላይ ዝቅ ያልሽበት ግን…» ቃል አጡና እጃቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። «እርሱን ድገሚልኝ።»

«ከየት ልጀምር፣ አባባ?»

«ዝቅ ካልሽበት።»

ልጅቷ ደገመችው። አያቷ ከውስጥ ሆነው «ከመጀመሪያው ይሁን እንጂ፣ እኔ እኮ አልሰማሁም!» እያሉ ጮኹ።

ረፋድ ላይ መኪናችን ተሠርታ መጣች። ስንሰናበት የቤቱ ጌታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙንና በመስኮቱ በኩል ዝቅ ብለው፣ ከቤት ማንም እንዳይሰማቸው ዞር ዞር ካሉ በኋላ፣ «ሐዋሳ ስትደርሱ የዚያ ውድድር ምዝገባ የሚዘጋው መቼ እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ደውሉልኝ» አሉን። ደግሞም ጥቂት አሰቡና «ዳኞቹ እነማን እንደ ሆኑም ጠይቁልኝ» ብለው ጨመሩ።